ለደረት ነው የተባለው ክኒን

ሆማ ቤይ፣ እሑድ መጋቢት 7

ለናፍቆቴ ለአባቴ፣

የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወደቡ ላይ ጭነት ስታወርድ ወገብህን ጠብቅ። እኛ ደህና ነን፤ ሐይቁ ሞልቷል፣ አክስቴ አፖንዲም ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። ይህን ግን ተደብቄ ነው የምጽፍልህ፤ ደብዳቤዬን ሳታነብ እንደማትልክ ደርሼባታለሁና።

አባዬ፣ በየቀኑ የምውጠው ክኒን ለደረቴ ነው ስትሉኝ አምኜ ነበር። ግን አስራ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ደረቴን አሞኝ አያውቅም። የደረት ከሆነስ አክስቴ የብልቃጡን ወረቀት ለምን ትልጠዋለች? እንግዳ ሲመጣ ለምን ስኳር ጣሳ ውስጥ ትከተዋለች? ክሊኒክ ስንሄድ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ በጓሮ በር ነው የምታስገባኝ። ሰውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። የክፍል ጓደኛዬ ሊሊያን ከአጠገቤ ተነስታ ፊት ስትቀመጥ «ማን ነገራት?» አልኩ። ለካ ሰሌዳው አልታይ ብሏት ነው።

ስለዚህ ክኒኑን ከምላሴ ሥር እየደበቅኩ ዶሮ ቤት ጀርባ መትፋት ጀመርኩ። ምን እንደምሆን ልየው ብዬ። ምንም አልሆንኩም፤ እሱም አስጠረጠረኝ። ኋላ ግን ትኩሳት ጣለኝ፤ አክስቴም የተፋሁትን አገኘችው።

«አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?»

«ለደረት ነው አላልሽኝም? ደረቴ ደህና ነው።»

«አፍሽን ዝጊ!»

«ንገሪኝና እዘጋለሁ።»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እጄን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ በዋናው በር። ነርሷ ሲስተር ኬዚያ በሩን ዘግታ ነገረችኝ፦ ኤች አይ ቪ ከእናቴ ይዤው ነው የተወለድኩት።

«ክኒንሽን ካላቋረጥሽ ታረጃለሽ። ጤነኛ ልጅም ትወልጃለሽ» አለችኝ።

«ለማን ልናገር?»

«ለምታምኚው።»

እስቲ ማንን ልመን?

አሁን እየዋጥኩ ነው፤ ትኩሳቱም ለቆኛል። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። እናትሽን ወባ ነው የገደላት ትሉኝ ነበር። አንተም ለገና ስትመጣ ከእራት በኋላ «አየር ልቀበል» ብለህ በኩባያ ውሃ ይዘህ ትወጣ ነበር። አየር በውሃ የሚቀበል ማነው?

አልተቀየምኩህም። ደብዳቤውን ሊሊያን ፖስታ ቤት ታደርስልኛለች፤ እሷንም ገና ስላላመንኳት በደንብ አሽጌዋለሁ። አባዬ፣ ስትመጣ ደጅ አትውጣብኝ። ከጎኔ ተቀምጠህ ዋጥ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፤ ረጅም፣ በጣም ረጅም።

ልጅህ አሞንዲ