ሪባኑን ስላረገብነው ይቅርታ

ለክቡር አቶ ዘርአ ዳዊት
የንባብ ሳምንት ባዛር አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት፣ ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ስለ ሪባን

በከተማችን በተካሄደው የንባብ ሳምንት ባዛር መግቢያ ላይ ተወጥሮ የነበረው ቀይ ሪባን፣ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የክብር እንግዳው ከመድረሳቸው አስቀድሞ፣ መሐሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል መርገቡን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሪባኑ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በተወጠረበት ጸንቶ፣ ማንንም ሳያስገባ፣ ሥራውን በታማኝነት ሲያከናውን ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ በፊት የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያን ቀን የደብረ ብርሃን ነፋስ ማንንም የሚምር አልነበረም፤ እርስዎ ደግሞ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት በመስኮት ሲመለከቱን ስለ ዋሉ፣ በመስታወቱ ስንጥቅ ብርድ ገብቶ ጆሮዎን እንዳልነካዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እናቴ ወይዘሮ አሲያና ታናሽ እህቴ ጁወይሪያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትንሽ ጉንፋን ይዞናል፤ እሱም ቢሆን ባዛሩ በይፋ ከመከፈቱ በፊት የያዘን ስለሆነ ከኮሚቴው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከጥፋተኞች መካከል የትኛው እንደሆንኩ ቢጠፋዎ፣ ሰላሀዲን እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን የምኖር የአልዩ አምባ ልጅ ነኝ። ከበሩ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ ሰዉ ካርቱን የሚለውን፣ እኛ ኮሚክ የምንለውን፣ እርስዎ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ «መጽሐፍ መሰል ባለ ሥዕል ነገር» ያሉትን ዕቃ ስሸጥ፣ ይቅርታ፣ ለመሸጥ ቆሜ ስጠብቅ የዋልኩት ሰውዬ ነኝ። ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የምትሥለው ጁወይሪያ ናት። ነገሩ ከአንኮበር ገደል ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ስለገባና ባጃጅ ስለሚነዳ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳው ጸጉሩ ካፖርት ስለሆነለት ብርድ ልብስ አልገዛም ይላል፣ ከነጋዴዎቹ ጋር ይጣላል፣ ተሳፋሪ ሒሳብ አልከፍልም ሲለው ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል። የመጀመሪያው ክፍል የሚያበቃው ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞት መንጃ ፈቃድ ሲጠይቀው ነው።

ይህ ባዛር ለእኛ ምን እንደነበረ ለኮሚቴው በማመልከቻ አላስታወቅንም፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ጁወይሪያ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ተፈትና አልፋለች፣ ግቢ ተብላለች። እናታችን ደግሞ ሰው መረዳት የምትችል ሴት ስለሆነች፣ «እስከ ባዛሩ ድረስ ታገሥኩሽ፤ የተጋበዙት ተማሪዎች መጥተው ከወደዱልሽ ቁጭ ብለሽ ሣዪ፣ አፌን አልከፍትም፤ ካልሆነ ግን ወረቀትሽን ሰብስበሽ እንደ ሰው ሥራ ግቢ» ብላታለች። እህቴ ሁለተኛውን ክፍል ለመጀመር ስትጠብቅ የነበረው እነዚያን ልጆች ነበር ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ የክብር እንግዳውን እየጠበቁ ነበር። ሁላችንም በየፊናችን ጠባቂዎች ነበርን።

እሑድ ጠዋት ጠረጴዛችን ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ያገኘሁት ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ፣ «ባዛሩን ያለ ሥልጣን በመክፈትና ሪባን በማርገብ» ጥፋተኛ መሆኔን ገልጾ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው እንደሚነሣና ለከርሞም እንዳልመጣ ያዛል። ስለ ደብዳቤው ከልብ አመሰግናለሁ፤ እሑድ ዕለት በእኛ ጠረጴዛ ላይ እስከ መጨረሻው የተነበበ ብቸኛ ጽሑፍ እሱ ነው። መልሴንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጠበቅ። የክብር እንግዳው ሪባን ሳይቆርጡ አንዲት ወረቀት እንኳ እንዳትሸጥ ተብሎ ሲነገረን ማናችንም አልተቃወምንም፤ ወግ ነው። እንግዳው ጠዋት መንገድ ላይ መሆናቸው ተነገረን፣ ተደሰትን። ረፋድ ላይም መንገድ ላይ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ አሁንም መንገድ ላይ መሆናቸውን ስሰማ መንገዱን ማድነቅ ጀመርኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት እኮ ከእነዋሪ ገብሱን ጭኖ የተነሣ ገበሬ መጥቶ፣ ሸጦ፣ ተከራክሮ፣ ታርቆ ወደ ቤቱ ይመለስበታል። ከሪባኑ በላይ «ንባብ ለሁሉም» የሚል ባነር ተሰቅሎ ነበር፤ ሁሉም የተባለው ሰው ከሪባኑ ውጪ ቆሞ ባነሩን ደጋግሞ አንብቦታል፤ በዚህ ረገድ ዓላማችሁ ግቡን መትቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ልጆቹ። መምህርት በላይነሽ ተማሪዎቿን ከጎረቤላ በቅጥቅጥ አሳፍራ ያመጣችው፣ እናንተው «ቅዳሜ የተማሪዎች ቀን ነው» ብላችሁ ስለጠራችኋት ነው። ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ብራቸውን አጣጥፈው ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ እጃቸውን በሹራባቸው እጀታ ሸሽገው ሪባኑ ጋ ተሰለፉ። ሹፌሩ የአንኮበር መንገድ ላይ ጉም ሳይወርድ መመለስ እንዳለበት ገና ሲያወርዳቸው ተናግሯል። እንግዲህ ጉም የሚባለው ነገር ፕሮቶኮል አያውቅም።

ከልጆቹ መካከል ሌይላ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሽፋኑን ከሩቅ አይታ «እትዬ፣ ዝንጀሮው ነው እንዴ የሚነዳው?» ብላ ጮኸች። ጁወይሪያም «ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ ተሳፋሪው?» አለቻት። ወንጀሉ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። እህቴ መሸጥ እንጂ ማሳየት ተከልክሏል ሲባል አልሰማችም ነበርና፣ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ገጽ በገጽ ትገልጥ ጀመር፤ እኔም፣ አልክድም፣ የጭላዳውንም የብርድ ልብስ ነጋዴውንም ድምፅ እያወጣሁ አነበብኩ። ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን ገፉ፣ የፊተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሪባኑ ላይ ተደገፉ። በደብዳቤዎ ላይ ሪባኑ «በግለሰቦች ግፊት» መርገቡ ተገልጿል። ለትክክለኛነት ያህል፣ ሪባኑን ያረገበው ሳቅ ነው። በከተማችን ሳቅ ብዙ ስላልተመዘገበ አጣሪዎቹ ባያውቁት አልፈርድባቸውም።

የጥበቃ ሠራተኛችሁም ግዴታውን አልዘነጋም። «በሕግ አምላክ! ማሳየት ክልክል ነው!» እያለ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ ቆይ፣ እቺን አላየኋትም፣ አንዴ መልሻት» አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ እንጀራው ነው። ከዚያ ግን አንድ የኮሚቴው አባል ባጁን አንጠልጥሎ ደርሶ፣ ማሳየት ማለት መክፈት ማለት እንደሆነ አስረዳን። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ያነሣበት ገጽ ላይ ነበርን። መጽሐፉ ተዘጋ።

ሦስተኛ፣ ስለ መምህርቷ። ጉሙ ከወዲያ ማዶ ሲታይና ሹፌሩ ጥሩምባ መንፋት ሲጀምር፣ መምህርት በላይነሽ መንገዱን ተሻግራ ሻይ ቤት ድረስ መጥታ፣ ለሁሉም ባይሆን ለትምህርት ቤቱ አንድ ቅጂ ብቻ ልግዛ ብላ ለመነችዎ። እርስዎም በአባታዊ ርኅራኄ «እህቴ፣ ዛሬ ላንቺ ከፈቀድን ታዲያ ሪባኑ ምን ሊሠራ ነው?» አሏት። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እያሰላሰልኩት እገኛለሁ። እኔ በበኩሌ ካልተሸጠ በነጻ ልስጣቸው ብዬ ብጠይቅ፣ ማደልም ሥርጭት መሆኑን ነገሩኝ። ሥራ ወዳድነትዎን ያየሁት ያኔ ነው፤ በአንድ ሻይ ጊዜ ውስጥ መሸጥን፣ ማሳየትንና መስጠትን ከለከሉ።

ልጆቹ ብራቸውን በካልሲያቸው እንደያዙ ተሳፈሩ። ሌይላ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «እትዬ! ያስረዋል? ትራፊኩ ያስረዋል?» አለች። ጁወይሪያ አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን መልስ መስጠት መሸጥ ይሁን፣ ማሳየት ይሁን፣ ማደል ይሁን ኮሚቴው ገና ስላልወሰነ መልሳ ዘጋችው። መኪናው ሄደ።

አራተኛ፣ ስለ መክፈቻው። የክብር እንግዳው በመጨረሻ መጡ፤ ሪባኑም ተጠብቆ ነበርና ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ያጨበጨብነው ሻጮቹ ነን፣ በሰዓቱ የነበርነው እኛ ብቻ ስለሆንን። እንግዳው መልካም ሰው ይመስላሉ፤ ዙሪያቸውን አይተው «ሕፃናቱስ? የተማሪዎች ቀን ነው ብላችሁኝ አልነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ዓይንዎን ሳያሹ «ክቡር፣ ጎብኝተው፣ ረክተው ተሸኝተዋል» አሉ። እኔ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ፤ ዝንጀሮ ባጃጅ ሲነዳ ጽፌያለሁ፤ «ረክተው» የምትለዋን ቃል ግን በሕይወቴ አልደፍራትም ነበር። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከዚያ ለእንግዳው ብርድ ልብስ ተበረከተላቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ፤ ባዛሩም በይፋ ተከፈተ።

ከመክፈቻው በኋላ የሸጥነው ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም ያው ጥበቃው ነው። «ለወንድሜ ልጅ ነው» እያለ እዚያው ቆሞ ጨረሰውና «ወይ ጉድ፣ ያዘውኮ!» ብሎ በኪሱ ከተተው።

አምስተኛው ቅሬታ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ነበር፤ ይህ ደብዳቤ በጨዋ ቤተሰብ ፊት ሊነበብ ስለሚችል ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ወቀሳ ብቻ አድርጌ መሄድ ያስነውረኛልና አንድ ትሑት ሐሳብ ላቅርብ። ለከርሞ መጻሕፍቱንም፣ ሻጮቹንም፣ በተለይ ደግሞ ሪባን የሚያረግቡትን ሕፃናት ትታችሁ ሪባኑን ብቻ ብትወጥሩ፣ ከፊቱ ሻይ ቤቱ፣ ከኋላው ባዶ ሜዳው ቢሆን፣ የሚጎድል ነገር አይኖርም፤ ሪፖርቱም ቃል ሳይቀየር ያገለግላል።

ስለ እህቴ ደግሞ እንዳይጨነቁ። አንዳንድ ሰዎች ቅዳሜ ዕለት ወረቀቷን ስትጠቀልል አይተዋት «በቃ፣ ይቺ ልጅ ተስፋ ቆረጠች» ብለው እንዳወሩ ሰምቻለሁ። የጁወይሪያን ጠባይ አያውቁም። በአሁኑ ሰዓት ሁለተኛውን ክፍል እየሣለች ትገኛለች፤ ጭላዳው ከትራፊኩ እንዴት እንደሚያመልጥም ታውቃለች፣ ለኔ እንኳ አልነገረችኝም። ለሌይላ ነው የምትነግራት።

የሻይዎ ስኳር አይጉደል፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ የሚጠብቋቸውም እንግዶች ሁልጊዜ መንገድ ላይ ይሁኑልዎ እያልኩ፣ ወንበርዎን ለሚደግፉት አራት እግሮች ሁሉ ያለኝን አክብሮት በመግለጽ እሰናበታለሁ።

ሪባን በማርገብ የተከሰስኩት፣
ሰላሀዲን፣ የአልዩ አምባው

ግልባጭ፦
ለጎረቤላ ተማሪዎች፣ ረክተው ስለተሸኙ እንዲያውቁት
ለሹፌሩና ለጉሙ
ለሪባኑ ሁለት ቁራጮች፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀኑን ሙሉ ሪባኑ ያልተቆረጠው መቁረጫ ታጥቶ ነው ብለው ለመምህርቷ የነገሯት የኮሚቴ አባል ተሳስተዋል። መቀሱ ከጠዋት ጀምሮ በኮትዎ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እጀታው ወጥቶ ይታይ ነበር። ሲቀመጡ ይወጋዎታል ብዬ ስሰጋ ዋልኩ።

እርማት፦ ከላይ ጁወይሪያን በሚመለከት «በአሁኑ ሰዓት ሁለተኛውን ክፍል እየሣለች ትገኛለች» ተብሎ የተገለጸው፣ ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ ዛሬ ማለዳ በተደረገ ማጣራት ትክክል ሆኖ ስላልተገኘ፣ «በአሁኑ ሰዓት አስፋልት ዳር ቆማ የፋብሪካውን ሰርቪስ እየጠበቀች ትገኛለች» ተብሎ ይነበብ።