ግብር ያማረኝ ሰሞን

ጥር 9
ሦስቱንም ምንጣፍ አጠብኩ። የእመቤቴ የሐጃ የወንድሟ ልጅ ዛሬ ከአውስትራሊያ ገባች። ኒዕማ ትባላለች። ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ፓስፖርቷም የእንግሊዝ። ወገቧን ያጎበጠ የጀርባ ቦርሳ አዝላ መጣች። ዓመት ሙሉ እርሻ ላይ እንጆሪ ስትለቅም ነው የከረመችው አሉ።

"ኢጃዛ ላይ ነበረች" ትላለች ሐጃ ለመጣው ሁሉ። ዕረፍት ላይ ማለቷ ነው። እየሠሩ ዕረፍት? እኔም እዚህ አባይ ከአገሬ ወርዶ በሚያልፍበት ከተማ፣ ሪያድ በሚሉት ሰፈር፣ የሰው አገር፣ የሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የኔን ማን ኢጃዛ አለው?

ዕድሜያችን ደግሞ እኩል። ባልጠየቅኩ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 11
ልብስ ስተኩስ አጠገቤ ተቀምጣ ታማርራለች። ዓረብኛዋ ከኔ ይብሳል። (ይሄ ትንሽ ደስ አለኝ።)

"ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምረው ከመቶ አሥራ አምስት ቆረጡብኝ፣ ሬሕማ! የአገሩ ሰው እስከ አሥራ ስምንት ሺህ ድረስ አይነካበትም።"

"ምን ብለው?"

"ግብር ነዋ! ለጡረታ ያጠራቀሙልኝንም ስወጣ ከግማሽ በላይ ወሰዱት።"

ጡረታ! እንጆሪ ለቅማ ጡረታ! ካውያውን ቶሎ ባላነሳው ሸሚዙ ነዶ ነበር።

እሷ በተቆረጠባት ታዝናለች። እኔ የቀናሁት በዚያው በተቆረጠባት። የሚቆረጥበት ሰው እኮ መኖሩ ታውቋል ማለት ነው። የኔን ደመወዝ ሐጃ ከቦርሳዋ አውጥታ በእጄ ታደርጋለች... እዚህ አገር መኖሬን እሷና አላህ ብቻ ያውቃሉ። ሰው ግብር መክፈል ያምረዋል? እኔን አማረኝ።

ጥር 12
ቀናሁ። ሌላ ምን ልጻፍ።

ጥር 13፣ ጁምዓ
ዕረፍቴ ነው። የት ልሂድ? ፋጤ፣ የአገሬ ልጅ፣ ከድልድዩ ማዶ ባሕሪ በሚሉት ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው፣ ደውላ "ነይ" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ "ተይው፣ ድልድዩ ላይ ከሻ አለ" አለች። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ ነው። እኔ ኢቃማ የለኝም። ሐጃ የመኖሪያ ፈቃድ አወጣልሻለሁ ካለች አራት ዓመቷ። "ቡክራ፣ ኢንሻላህ!" የሷ ነገ አይነጋም።

ኒዕማ ግን ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ብቻዋን አባይ ዳር ወጣች። በመጣች በአራት ቀኗ! አንጀቴ አረረ። እናቴ ዝም አይነቅዝም ትላለች። እኔ ግን ነቀዝኩ።

ጥር 18
ኒዕማ ግብር የሚያስመልስላትን ሰው በስልክ ስታወራ ቆየች። ዘጋችና "አይሆንም አለኝ" አለች። ነገሩ እንዲህ ነው... የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንደ ነዋሪ የኖረ፣ እንደ አገሩ ሰው ይታያል፤ በትርፍ የቆረጡበትን ይመልሱለታል። እሷ ቦርሳዋን አዝላ ከእርሻ እርሻ ስትዞር ነው የከረመችው። ነዋሪ አይደለሽም አሏት።

ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሳቀች። "አንቺ ብትሆኚማ ታልፊ ነበር! ስድስት ዓመት አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ። ከአንቺ በላይ ነዋሪ ከየት ይመጣል?"

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ስከትፍ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጥኩት።

ጥር 21
የኒዕማ መሸኛ ግብዣ ዛሬ ነበር። አርባ እንግዳ ተጠርቷል፣ በጉ ታርዷል፣ ሐጃ ከማለዳ ጀምሮ "ያላ፣ ሬሕማ! ያላ!" ትላለች። ሳሎን ገብቼ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ዓመት አቧራውን ስጠርግ እንዲህ ምቹ መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ምነው? አመመሽ?"

"ደህና ነኝ ሐጃ። ኢጃዛ ላይ ነኝ።"

"ዛሬ?!"

"ኢቃማዬ እስኪወጣ።"

"ቡክራ፣ ወላሂ ቡክራ!"

"እንግዶቹም ቡክራ ይምጡ።"

ብታባርረኝስ? የት ነው የምገባው? ኒዕማ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ሐጃ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሰዓቱን አየች... ስልኳን አነሳች። ኢቃማ የሚያስወጣው ጉዳይ አስፈጻሚ "ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ" ሲላት እኔም ኒዕማም ሰማን። ያኔ ተነሳሁ። ሩዙ ትንሽ አረረ።

የካቲት 6
ኢቃማዬ ወጣ! ፎቶው ላይ የተጣላሁ እመስላለሁ። ሐጃ በክፍያው ስታጉረመርም ዋለች። "ግማሹን ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ!" ይቆረጥ! ሳቄ አመለጠኝ። "ምን ያስቃል?" አለኝ የቢሮው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ። "ተቆረጠብኝ!" አልኩት።

የካቲት 11፣ ጁምዓ
ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ፖሊሶቹ አጠገብ ስደርስ እርምጃዬን ቀነስኩ... ባስቆሙኝ አልኩ። አላስቆሙኝም። ሞኞች!

ፋጤ ኢቃማዬን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። "መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለች። ፊቷ ግን ጠቆረ፣ ዓይኗ ከወረቀቱ አልነቀል አለ። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ። ወር ሙሉ ይዣት ዞሬያለሁ።

"ፋጤ" አልኳት፣ "እናንተ ቤት ሶፋ አለ?"