በቅቤ ያሸሁት እጅሽ

ለአስካለ፣ ለእኔዋ አስኩዬ፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሞላን። ለሙት ዓመትሽ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ናፍቆቴን ብቻ መደርደሬን አየሁና ወረቀቱን ቀደድኩት። አሁን ግን የምነግርሽ ነገር አለኝ። ደስ የሚል ነገር አይደለም። ይህን የምጽፍልሽ ራሴን ተጸይፌ ነው፤ እንዲህ ሆኜ ደግሞ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ህሊና ወለደች። ሴት ናት፣ ሶስና አልናት፣ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ግንባሯ ቁርጥ ያንቺ ነው፤ ጆሮዋ ግን፣ ምን ይደረግ፣ የእኔ ነው። የህሊና ባል ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ እስኪመለስ ድረስ እናትና ልጅ እኔ ዘንድ ናቸው። በራችን ፊት ያለው መንገድ ሲቆፈር ከርሞ በመጨረሻ ድንጋይ ተነጠፈበት። ሹሩባ ትሠሪባት የነበረችው የበር ላይ ክፍል የሞባይል መጠገኛ ሆናለች። ደንበኞችሽን ታስቀምጪበት የነበረውን ዱካ ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ አልጋዬ አጠገብ ነው። ደግሞ የቅቤ ጣሳዬን ጥዬዋለሁ።

ጣሳውን ጣልኩት ስልሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ አያውቅም። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ እጁን የታመመ ሁሉ ወጌሻው ጌታሁን ዘንድ ሲመጣ፣ ከዚያ ጣሳ ዛቅ አድርጌ ነበር የማሸው። ከአባቴ የተማርኩት የወለቀ መመለስና የተሰበረ ማሰር ነው፤ የወለቀ ትከሻ ዛሬም ቢመጣልኝ አልስተውም። ነውሬ እሱ አይደለም። ነውሬ፣ ከትከሻው እስከ ጣቱ የሚያመውን ሰው ሁሉ ወይ ወለምታ ነው ወይ ጅማትህ ዞሯል ማለቴ ነው። ሌላ በሽታ አላውቅማ! እኔ የማላውቀው በሽታ ደግሞ የለም ብዬ አምን ነበር።

ልብስ ሰፊውን ጋሽ ታፈሰን ታስታውሺዋለሽ። የቀለበት ጣቱ ይታጠፍና እዚያው ተቆልፎ አልዘረጋም ይለዋል። እኔ ሰው ሰብስቤ ጎተት ሳደርገው ቋ ብሎ ይዘረጋል፤ ጎረቤቱ ያጨበጭባል። በሳምንቱ ጣቱ ተመልሶ ይቆለፋል፣ ጋሽ ታፈሰም ተመልሶ ይመጣል፣ እኔም ተመልሼ ቋ አደርገዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ለምንድን ነው የሚመለሰው ብዬ አልጠየቅኩም። ያንን የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ክርኑን በውጭ በኩል እያመመው ሲመጣ፣ በየሳምንቱ አሽቼ አሽቼ በማግሥቱ ወደ ሥራው እሰደዋለሁ። ቀኑን ሙሉ የቧንቧ መገጣጠሚያ ሲያጠብቅ የሚውል ሰው እጁን ማሳረፍ እንዳለበት ለማወቅ ሐኪም መሆን ያስፈልጋል እንዴ?

የእነሱስ ይሁን። ያንቺ እጅ የጀመረው በመደንዘዝ ነበር። አውራ ጣትሽ፣ ሌባ ጣትሽና የመሀል ጣትሽ። ቀኑን ሙሉ ቀጫጭን ሹሩባ ስትጎነጉኚ ትውዪና፣ ሌሊት ከእንቅልፍሽ ነቅተሽ እጅሽን ውሃ እንዳለበት ሰው ታራግፊው ነበር። ከዚያ ብርጭቆ ከእጅሽ ይወድቅ ጀመር። ሦስተኛው ብርጭቆ ሲሰበር ምን እንዳልኩሽ አልረሳሁም፤ ልብሽ የት ነው ያለው ብዬ ተቆጣሁሽ። ቁጣዬ ሲበርድ እንደ ትልቅ ደግነት ቁጭ አድርጌሽ፣ እጅሽን ተቀብዬ፣ ጅማትሽ ዞሯል አልኩሽ።

እያንዳንዷን ነገር አስታውሳለሁ። ቅቤው የቆየ ነበር፤ በሸተተ ቁጥር ይበልጥ ያድናል እል ነበር፣ ማን እንደነገረኝ እንጃ። አንጓሽን ይዤ በአውራ ጣቴ ቁልቁል ስጫነው አንቺ የነጠላሽን ጫፍ ነክሰሽ ዝም። ከዚያ በጨርቅ ጥፍንግ አድርጌ አስርሽና እንዳትፈቺው ብዬ አስጠነቅቅሻለሁ። ጨርቁ ሲፈታ የሚወጣው ሽታ፣ ከሥሩ የነጣውና የረጠበው ቆዳሽ፣ በጥፍሬ ውስጥ የሚቀረው ቅባት፣ አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ያኔ ግን የሥራዬ ሽታ ነው ብዬ እኮራበት ነበር። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ጣቶችሽ ፀጉር መቆንጠጥ አቃታቸው። ደንበኞችሽ አንድ በአንድ ወደ ትልልቆቹ ፀጉር ቤቶች ሄዱ። አንቺ ግን ለጠየቀሽ ሁሉ፣ የጌታሁን እጅስ መድኃኒት ነው፣ የእኔው ነው እምቢ ያለው ትዪ ነበር። እኔን ለመሸፈን ብለሽ የገዛ እጅሽን ታሚው ነበር።

የገደለሽ ልብሽ ነው፤ ሐኪሞቹም ያሉት ያንኑ ነው። እጅሽን የገደልኩት ግን እኔ ነኝ። ሊገንዙሽ ሲሉ ለመጨረሻ ጊዜ ያዝኩት። አውራ ጣትሽ ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። አስኩዬ፣ አንቺ እኮ አምሳ ዓመት እንኳ አልሞላሽም ነበር።

ወደ ህሊና ልመለስ። ከወለደች በኋላ ሙቀት ነው ብርድ ነው ሳትል ረጅም እጅጌ ትለብስ ነበር። ሕፃኗን የምታነሳው ክንዷን ከሥር አስገብታ እንጂ በእጇ ይዛ አልነበረም። ጡጦ የምትከፍተው በግራዋ ነው። እኔ የእጅ አዋቂ ተብዬው ሁለት ወር ሙሉ ይህን ሁሉ አላየሁም። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሶስናን ከመታጠቢያው ሳፋ ልታወጣት ስትል እጇ ከዳትና ሕፃኗ ተንሸራተተች። ደርሼ ያዝኳት፤ ምንም አልሆነችም። ህሊና ግን ፊቷ አመድ መስሎ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ፣ እስቲ አምጪው ልየው አልኳት። ወደ ኋላ አፈገፈገች። አባዬ፣ በማርያም እንዳትነካኝ አለች። ከዚያ እያለቀሰች፣ የእማዬን አይቻለሁ አለችኝ።

ያንን ሁሉ ጊዜ ከጓዳ ሆና የነጠላሽን ጫፍ ስትነክሺ ታይሽ ነበር ማለት ነው። ሰው በሽታውን ከጠላቱ ይደብቃል፤ ልጄ የደበቀችው ከእኔ ነው።

በማግሥቱ ኦሎምፒያ፣ መሥሪያ ቤቷ አጠገብ፣ ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሶስናን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ የህሊና እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ህሊናን አውራ ጣትሽን መዳፍሽ ውስጥ ደብቀሽ ጨብጪ፣ ከዚያ ጭብጥሽን ወደ ትንሿ ጣትሽ በኩል አዘንብዪው አለቻት፤ ህሊና ጮኸች። በቃ፣ ታወቀ። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች በአንጓው ጎን ጠባብ መተላለፊያ አላቸው፣ ሕፃን ደጋግመሽ ስታነሺ እዚያ ውስጥ ይቆጣሉ ብላ አስረዳቻት። የዞረ ነገር የለም። ማሳረፍ፣ አውራ ጣቱን ጭምር የሚይዝ ድጋፍ ማሰር፣ ሕፃኗን መዳፍን ከሥር አድርጎ ማንሳት፣ ካልተሻላት መርፌ። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ነው አለች። አደራ ማንም እንዳያሽሽ ስትላት ህሊና ወደ እኔ አላየችም፤ ስላላየችኝ ይበልጥ አፈርኩ።

ልንወጣ ስንል ሐኪሟን፣ ሌላ ሰው ነበር አልኳት። ሦስት ጣቱ የሚደነዝዝ፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁን የሚያራግፍ፣ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅበት። ሳልጨርስላት የራሷን መዳፍ ገልብጣ አንጓዋን አሳየችኝ፤ እዚህ ጋ ነርቭ ሲጨቆን ነው አለች። በጊዜ ከመጣ፣ ሲተኛ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ካልሆነ መርፌ አለ። ካልሆነም እጁን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራ ትንሽ ቀዶ ጥገና አለ፣ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሥጋው ከሟሸሸ በኋላ ግን እንደ ነበረው ላይመለስ ይችላል አለች። ቦታውን እየተጫኑ ቢያሹትና ጠበቅ አድርገው ቢያስሩትስ አልኳት። ፊቷን አጨማደደችና፣ ለምን ብለው አለች። ሰውየው ይምጣና ልየው አለችኝ።

ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ባትሆን ኖሮ ደረጃው ላይ አስታውክ ነበር። ሲተኙ የሚታሰር ድጋፍ! ለተሰበረ አጥንት ቀርከሃ ሳስር ያረጀሁ ሰው፣ ያንቺን አንጓ ቀጥ አድርጌ ደገፍ ማድረግ እንዴት ያቅተኛል? ለቅሶሽ ላይ የመጣው ሰው እጄን እየያዘ፣ ይህ እጅ ስንቱን አዳነ ይለኝ ነበር። እኔም አንቺን በቀበርኩ ማግሥት ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ከቅቤው ሽታ ይልቅ ያ ደስታዬ ይቀፈኛል። አሁን መንገድ ላይ ሰው ሲጨብጠኝ እጄን ቶሎ ነው የምመልሰው።

ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። የአስካለን እጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ከእንግዲህ የወለቀ ካልሆነ አልነካም፣ የሚደነዝዘውም የሚቆለፍበትም ክርኑን የሚያመውም ሐኪም ይየው አልኩ። ሊቀመንበሩ፣ የሐዘን ነገር ነው፣ እግዜር ያጽናህ አለኝና ስለ ድንኳኑ መቀደድ ማውራት ጀመረ። ይባስ ብሎ በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ቅቤያቸውን በብርጭቆ ይዘው በራፌ ላይ ቆመዋል! መለስኳቸው። አንደኛው፣ ዘንድሮ ኮራህ ብሎኝ ሄደ። ጋሽ ታፈሰን ግን ራሴ ይዤው ሄድኩ፤ አንዲት መርፌ ተወጋ፣ ጣቱ ይኸው እስከ ዛሬ አልተቆለፈም። ሰፈሩ የሚያጨበጭብበት ነገር አጣ።

ህሊና ድጋፉን ካሰረች ስድስት ሳምንት ሆናት፤ በጣም ተሽሏታል። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ፈታችውና፣ ሳልጠይቃት ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። እየው አባዬ አለች። ሁለቱንም እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየሁት። የሰው እጅ ሳልነካ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አስኩዬ፣ አንዲት ነገር ሳልነግርሽ ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር፤ እሷንም ከደበቅኩ ግን ምኑን ጻፍኩልሽ። አንድ ቀን ጨርቁን ስፈታልሽ፣ በጣም ቀስ ብለሽ፣ ሐኪም ቤት ብሄድስ አልሽኝ። የወጌሻው ሚስት ሐኪም ቤት ሄደች ሊባል! ሦስት ቀን አኮረፍኩሽ። በሦስተኛው ቀን ራስሽ መጥተሽ፣ ቅቤውን አቅርበሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ሰጠሽኝ። ከዚያ ወዲህ ደግመሽ አልጠየቅሽኝም።

ዱካሽን ነገ ከአልጋዬ አጠገብ አንሥቼ በሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እጁን ታሞ የመጣ ሰው እሱ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ሳልነካው ያንቺን ታሪክ እነግረዋለሁ፣ ብርጭቆውንም፣ ነጠላውንም፣ ሦስቱን ቀንም ሳልደብቅ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ እንዲህ ነው። ከዚያ ሐኪም ቤት ሂድ እለዋለሁ፣ ሳይጠይቀኝ።

ያንቺው ጌታሁን