የሊፍቱን ነገር ከእኔ ስሚው

ለውዷ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ቀለል አለሽ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል አሁንም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው? ትንሿ እህቴስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። የአክስቴ ልጅ «ልጅሽ ታስራለች» ብላ ደውላ ቤቱን ልቅሶ ቤት እንዳደረገችው ሰምቻለሁ። እሷ መቼም ወሬ ሲደርሳት ሳታገነፍለው አታወጣውም። ፖሊስ ጣቢያ መግባቱንስ ገብቼ ነበር፤ ግን በዚያው ምሽት ወጥቻለሁ፣ የፀጉሬ ጫፍም አልተነካ። የሆነውን ከእኔ ከራሴ ስሚው።

የምሠራበት ሕንፃ ዘጠኝ ፎቅ ነው። ከሊፍቱ በር ጎን «የቤት ሠራተኞች በደረጃ ይጠቀሙ» የሚል ሰሌዳ አለ። ነዋሪው በሊፍት፣ እንግዳው በሊፍት፣ የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ውሻ እንኳ በሊፍት ነው፤ እኛ ብቻ ሕፃን አቅፈን፣ ዘምቢል አንጠልጥለን በደረጃ። የሊፍቱን መስታወት የምንወለውለው ደግሞ እኛው ነን። የሕንፃውን አስተዳዳሪ ስንት ጊዜ ለመንነው፤ «ሥርዓት ነው» ይለናል። ማን ያወጣው ሥርዓት ነው ስንለው «ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ስልኩን ያነሳል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሳሙና ወደቁ። የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ሲያጥቡ ስለሚውሉ ነው ይህን ስም ያወጣንላቸው፣ እሳቸውም ወደውታል። እርጥብ አንሶላ በባልዲ ይዘው ወደ ጣራው ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው። በማግስቱ ልብስ ስናሰጣ የሁለተኛ ፎቋ ሞግዚት፣ ምላሷ የማያርፈው፣ «ልመናው ይብቃን» አለች። «ድንጋይ አንወረውርም፣ ማንንም አንሰድብም። በሊፍቱ እንወጣለን፣ በቃ። ውጡ ቢሉን አንወጣም፤ ቅጣት ካለውም እንቀበላለን።» አንዷ ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ እንግባ ብትል፣ «ተደብቀሽ ከገባሽማ ሌባ ነሽ። ሰው ሁሉ እያየን ነው የምንገባው» ብላ አፏን አስያዘቻት።

የተስማማነው አራት ሆነን እትዬ ሳሙናን ይዘን ልንወጣ ነበር። ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ብንሰበሰብ ግን ወሬውን የሰማች ሁሉ መጥታለች፤ «እኔስ የማን ልጅ ነኝ» እያሉ ታጭቀው ገቡ። ቁልፉን ብንጫን ሊፍቱ ከበደውና ደወሉ ጮኸ፤ በሩም አልዘጋ አለ። «አንቺ ውረጂ፣ የአሠሪሽን ምሳ ጭምር የበላሽው አንቺ ነሽ»፣ «አንቺው ውረጂ፣ እኔ አጥንት ነኝ» እየተባባልን ስንሳሳቅ ዘበኛው ደረሰ። «ውጡ» ሲል ሳቃችን ቆመ። ማንም ንቅንቅ አላለችም። ሊፍቱም እንደቆመ ቀረና ሕንፃው በሙሉ በደረጃ ሆነ።

ነዋሪው እየተራገመ ወጣ። ሴትዮዋ ውሻዋን ታቅፋ ስታለከልክ፣ ውሻው ለእሷ የሚያዝንላት ይመስል ነበር። የሰባተኛ ፎቁ ጠበቃ ግን ከደረጃው አጋማሽ ተመልሶ ወረደና ክራቫቱን እያላላ «ይህን በቀን ስንቴ ነው የምትወጡት?» ሲል ጠየቀ። እትዬ ሳሙና «ለመቁጠርም እኮ ትንፋሽ ይፈልጋል ልጄ» አሉት። እሱም ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ፖሊስ መጥቶ ሲወስደንም አብሮን ጣቢያ ድረስ ሄደ።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ። አሠሪዬ ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ጠርታኝ «ገፍተው አስገቡኝ በይ፣ አስተዳዳሪውን እኔ አናግርልሻለሁ። ካልሆነ ሰኞ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አለችኝ። አንቺም በላክሽው መልእክት አንገትሽን ደፍተሽ ይቅርታ በይ ብለሽኛል። የትንሿ ትምህርት በእኔ ትከሻ ላይ መሆኑን አልዘነጋሁም። ግን አስቢው እማዬ። ገፍተውኝ ነው ስል ማን ገፋችሽ ይሉኛል። ከኋላዬ የቆሙት እትዬ ሳሙና ናቸው። በዚያ ባበጠ ጉልበት ማንን ገፉ ልበል? እኔ ለመትረፍ እሳቸውን ላስበላ? «በራሴ እግር ነው የገባሁት፣ ሰኞም እገባለሁ» አልኳት። እሷም ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሰሌዳው ዛሬም እንደተሰቀለ ነው፤ በአንድ ምሽት ይወርዳል ብለን አልተነሳንም። ነገ ግን ደወሉ እንዳይጮህብን ትንሽ ትንሽ ሆነን፣ በየተራ እንገባለን። አንዷን ሲያስወጡ ሌላዋ ትገባለች። ማዶ ካለው ሕንፃ ሁለት ምግብ አብሳዮች መጥተው እንዴት እንዳደረግነው ጠይቀውናል፤ የነሱም ሊፍት ያው ነው አሉ።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሐኪም ቤት ካልሄደ እንደምኮርፈው ንገሪው። ትንሿ ጥናቷን እንዳታቋርጥ፣ ቢያባርሩኝም ሌላ ቤት ገብቼ እሠራለሁ። ወንድሜን ከነሚስቱ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ። የአክስቴንም ልጅ ሳሚያትና ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢላት። አንቺም አታልቅሺ። ሻንጣዬን አሰናድቻለሁ፤ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ፣ ግን ሻንጣዬን ይዤ የምወርደው በሊፍቱ ነው።

ልጅሽ
ከማዕድ ቤቱ ጎን ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን