ባዶው አልጋ

ለልጄ ለሮብሳን፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም የሚያስቅህ ወሬ ይዣለሁ።

ባለፈው ወር ጭቃ አዳልጦኝ የዳሌ አጥንቴ ተሰበረ። እዚሁ መቱ ሆስፒታል ጠዋት ኦፕራሲዮን ገብቼ ሰው ሠራሽ አጥንት ተተካልኝ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ በምርኩዝ አራመደኝና "እማማ፣ በቃ ቤትዎ ይግቡ" አለኝ፤ ገባሁ።

ጎረቤታችን ዋሪቱ ይህን አታውቅም። በማግስቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ሆስፒታል ብትሄድ አልጋዬ ባዶ ነው፣ አንሶላውም ተነስቷል። ተቀዶ በዚያው ቀን የሚወጣ ሰው መቼ አይታ ታውቃለች? እያለቀሰች የእድሩ ዳኛ ጋሼ ኩመራ ዘንድ ሮጠች። ጡሩምባው ሲነፋ እኔ ጓሮ ፀሐይ እየሞቅሁ "ማን ሞተ ይሆን?" እላለሁ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ደጄ ሲደርሱ በምርኩዜ ወጥቼ ተቀበልኳቸው። አጥሚቱን አብረን ጠጣነው።

ነጋዴው ሙሐዲን ጋምቤላ አንተ ዘንድ እንዲያደርስልኝ የሰጠሁትን የፋሲካ ደብዳቤ መልሶ አመጣው። ከተከራየህበት ቤት ከወጣህ ቆይተሃል አሉት። የተሻለ ሥራ አግኝተህ ይሆናል። ይህንን በሾፌር እልካለሁ፤ ሾፌር ብዙ ሰው ያውቃል።

ትናንት ጋሼ ኩመራ የእድሩን መዝገብ ይዘው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የሮብሳንን ስም ምን እናድርገው?" አሉኝ።

"እኔንም አልጋዬ ባዶ ሆኖ ስላገኛችሁት ልትቀብሩኝ ነበር፤ ስሙ እንዳለ ይቆይ" አልኳቸው።

ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ብሎሃል። አንሶላህን አጥቤ አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

በጤና ያቆይህ፤
እናትህ ገለኔ