በእድሩ ግድግዳ ላይ የተሣለው ሚካኤል

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን 1996

ዛሬም ጽጌን ሰደቧት። ጥፋቷ በእድራችን ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ሚካኤልን መሣሏ ነው። ከአረቄ ቤት የሚወጡት ወንዶች የሚሸኑት እዚያ ላይ ነው፤ ከተሣለም በኋላ አልተዉም። አንዲት ሴት “መልአክን ሽንት ላይ ታቆማለች? እጇ ይሰበር!” ብላ ጮኸች። የሸናውን ግን ማንም ምንም አላለው።

ጽጌ ተማሪዬ ነበረች። አሁን የሱቅ ታፔላ እየጻፈች ትተዳደራለች።

ሐሙስ

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ተሰማ “በራሷ ፈቃድ ነው የሣለችው” ይላል። ውሸታም! ባለፈው ስብሰባ “የቅዱስ ሥዕል ካለበት ደፍሮ የሚሸና የለም፤ ጽጌ ትሣልበት” ያለው ራሱ ነው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሑድ ከእድር ሊሰርዟት ነው። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። ቢያርፉ ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚሸከም ማን ነው?

ዓርብ

ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ። “ለአካባቢ ጽዳት ሲባል ግድግዳው ቀለም እንዲቀባ ተወስኗል።” በቃ! መዝገብ ላይ “ሽንት” ብሎ መጻፍ ነውር መስሎኝ፣ ከሽንቱ ጋር ሥዕሉንም ዘልዬዋለሁ። ሙሉ መልስ አልጻፋችሁም እያልኩ ሠላሳ ዓመት ነጥብ የቀነስኩ ሰው!

ለጽጌ ነገርኳት። “ቲቸር፣ እርስዎም?” አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጠየቅኋቸው። “ቦታው አይገባውም፤ በክብር ይሸፈን” አሉ። ማን ይሸፍነው? ሲሳደብ የከረመ ሁሉ ብሩሽ ሲባል እጁን ኪሱ ከተተ። የእድራችን አባል፣ ጎረቤቴ ሐጂ አወል ሣቁ፦ “መምህር፣ እኔ ብቀባው ሌላ ጠብ ይነሣል። ኖራውን ግን ከሱቄ ይውሰዱ።”

እሑድ

አቶ ተሰማ ፈገግ ብሎ “መዝገቡ ይነበብ” አለ። አነበብኩ። ቀጥዬም “ይህ ቃለ ጉባኤ ጎደሎ ነው፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ” አልኩ። የተባለውን፣ ማን እንዳለውም ጭምር፣ ተናገርኩ።

“መምህር፣ ጃጅተዋል እኮ!” አለኝ አቶ ተሰማ።

ሐጂ አወል ተነሡ። “እኔም ሰምቻለሁ።” ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ስረዛው ቀረ። እኔ ከጸሐፊነት ተነሣሁ። ይሁን።

ሰኞ

በጠዋት ኖራ በጥብጬ ሄድኩ። ጽጌ ቀድማኝ ቆማለች። ሰላምታዬን አልመለሰችም። ትንሽ እንደቀባሁ ግን ብሩሹን ተቀበለችኝ፦ “ያዝረከርኩታል፣ ቲቸር። ክንፉን እኔ ልሸፍነው።”

ፊቱ ላይ ስትደርስ ብሩሹን መለሰችልኝ። እኔም አልቻልኩም።

“አቶ ተሰማን እንጥራው?” አልኳት።

ሣቀች። ይቅር ብላኝ ይሆን? አልጠየቅኋትም።