ገዳዩን ፀጉር አስተካካይ ያደረግሽው ለምንድን ነው?

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን

ለምወድሽና ለምታናድጂኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ጉልበቴን ማለቴ ነው፤ ንዴቴማ ገና አልበረደልኝም። ትናንት ድራማሽ አለቀ። ሲያልቅ ግን እኔንም ጨርሶኝ ነው።

እንደምታውቂው እሑድ እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ፀጉር ማስተካከያ ሱቄ ውስጥ ተጠቅጥቆ ያንን ገዳይ ሲፈልግ ነው የከረመው። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ "ዳኛው ነው፣ ዳኛው ካልሆነ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል" እያለ ይምላል። ጡረተኛዋ መምህርት ደግሞ ፋርማሲስቱ ነው ብላ ድርቅ ብላለች። እኔም "ልጄ ናት የጻፈችው" እያልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ ቴሌቪዥኑን እከፍትላቸዋለሁ።

ትናንት ወንበሬ ላይ የተቀመጠው አውቶቡስ ነጂው ነበር፤ ያ አንገተ ወፍራሙ። ፊቱን አረፋ ቀብቼ፣ አገጩን ቀና አድርጌ፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳሳረፍኩ መርማሪዋ የገዳዩን በር ከፈተች። ሰውየው ዞር አለ። ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መቀስ ይዟል። የመርማሪዋ የገዛ አባት! ፀጉር አስተካካይ! ይባስ ብሎ መቀሱን ከመክፈቱ በፊት ማበጠሪያውን መታ መታ አደረገ፤ ልክ እንደ እኔ።

የሱቁ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ነጂው በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየ፤ ምላጩን አየ።

"ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ" አለ።

"አትንቀሳቀስ፣ ትቆረጣለህ!" አልኩት።

ለደግ ብዬ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ ፎጣዬን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። መምህርቷም "እኔ ከመጀመሪያውም እጃቸው አላማረኝም" አለች። የማንን እጅ ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እስቲ ንገሪኝ፤ በዓለም ላይ ሌላ ሙያ ጠፍቶ ነው? ዳኛው አለ። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን በመደርደሪያ ሙሉ ደርድሮ ቆሞልሻል። አንቺ የአባትሽን ሙያ መረጥሽ። ደግሞስ ያ ተዋናይ መቀስ መያዝ መች ያውቃል? በዚያ አያያዝ እንኳን ሰው ሊገደል፣ ፀጉርም አይከረከም።

ይሁን፤ ይህንስ አንድ ቀን እስቅበት ይሆናል። ያንን መጨረሻውን ግን ምን አመጣው? መርማሪዋ ካቴና ይዛ ቆማለች። አባትየው ስለ ግድያው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ "ከቤት የወጣሽ ቀን መቀሱን አስቀምጬ ልሸኝሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ" አላት።

የቤታችንን ጉዳይ ለሕዝብ! እውነት ነው፣ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ስትቆሚ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የደንበኛዬ ራስ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል፤ እንደዚያው ላሰናብተው ኖሯል? ጨርሼ ቀና ስል የለሽም። ታክሲውም የለም። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል የምናወራው ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ነው፤ የስልኩ ሂሳብ እስኪያልቅ።

ደግሞ እንዲያ ዓይነት አባት "ይቅር በይኝ" አይልም። እኔን ጠይቂኝ። መጀመሪያ "በልተሻል?" ነው የሚላት። ቀጥሎ "ምነው እንዲህ ከሳሽ?" ይላል። ከዚያ "ነይ ቁጭ በይ፣ ፀጉርሽ ተንጨባሯል" ብሎ ወንበሩን ያዞርላታል። ይቅርታው እሱ ነው። ሥራሽ መጻፍ ሆኖ ሳለ ይህንን እንዴት አጣሽው?

መርማሪዋ ደግሞ አየችው። አየችው፣ አየችው፤ አፏን ልትከፍት ስትል ስክሪኑ ጠቆረና ስምሽ መጣ። ሱቁ ተንጫጫ! ጫማ ሰፊው ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። መምህርቷ "ምን አለችው? ምን አለችው?" እያለች እኔን ትነቀንቀኛለች፤ የደበቅኩባት ይመስል።

ዛሬ ጠዋት ነጂው ሌላ ቤት ተላጭቶ፣ ፎጣዬን ሊመልስ መጣ። ከበሩ አላለፈም።

"ጋሼ፣ ይቅር አለችው ወይስ አስራ ወሰደችው?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ልጅዎ አይደለች እንዴ? ይጠይቋታ!"

ይኸው ጠየቅኩሽ። ለሰፈሩ ብዬ ነው፤ እኔስ ድራማ አይደል፣ ምን ቸገረኝ። ብቻ መልሱን በስልክ አትንገሪኝ፤ መስመሩ ይቆራረጣል። በደብዳቤም ይቆያል። ምናልባት ወደዚህ ብቅ የምትይ ከሆነ ሰኞ ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው፤ ደንበኛ አይመጣም፤ እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ነኝ።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይስጥሽ። ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ።

ማንንም ያልገደለው
አባትሽ